ነገ ከገጽ ዘጠና ሰባት

ለእታለሜ፣

ይህ ወረቀት በልተሽ፣ በደንብ ተኝተሽ፣ ከሰው ተስማምተሽ ያግኝሽ። ያ የክር ብናኝ የሚቀሰቅስብሽ ሳል እንዴት ሆነ? አብራሽ የምትኖረው ልጅስ አሁንም «አላንኮራፋም» እያለች ትሟገታለች? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ብርድ ሲሆን ብቻ የቀኝ ክንዷ ይጠዘጥዛታል። «ዝናብ ሊመጣ ነው» ትላለች፣ ደግሞም ይመጣል። ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ራዲዮኑን ትቶ እሷን እየጠየቀ ነው ዕቃውን ወደ ውስጥ የሚያስገባው።

እኔም ያው እንደምታውቂኝ ነኝ። በስልክ ስታናግሪኝ «እሺ» እና «ደህና ነኝ» ብቻ እያልኩ እንደማበሽቅሽ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ እማዬ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች፣ ደንበኛ ይሰማል፣ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ሳልናገረው ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ደብዳቤው ከጥቅል ጋር ነው የሚደርስሽ። እባክሽ ደብዳቤውን ሳትጨርሺ ጥቅሉን አትፍቺው። አውቅሻለሁ፣ አሁን መቀስ እየፈለግሽ ነው። አስቀምጪው።

መጀመሪያ የላውንደሪያችንን ወሬ ልንገርሽ። ትልቁ ማሽን ልብስ ሲጨምቅ አሁንም ይዘላል። እማዬ እንዳይዘል ብላ ከሥሩ ጎማ አደረገችበት፤ አሁን ጎማውን ይዞ ይዘላል። ባለፈው ወር ደግሞ ያ ግራጫ ኮቱን ሰጥቶን ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋው ሹፌር ድንገት መጣ። ቁጥር ጽፈን ለሁለት ቀደን የሰጠነው ግማሽ ወረቀት ጠፍቶበታል። «ቁጥሩን እንኳ አላስታውስም» አለ እየፈራ። እማዬ ቀና ብላ አየችውና «ወረቀቱ ቢጠፋ ባለቤቱን አውቀዋለሁ» ብላ ካልተወሰዱ ልብሶች መደርደሪያ ላይ ኮቱን አወረደችለት። ልብሱ ላይ የተሰካው የኛ ግማሽ እንኳ አልደበዘዘም። ሰውየው ለበሰውና አልቆለፍ አለው። «ኮቴን አሳነሳችሁት» ቢል እማዬ «እኛ ያጠብነው ኮቱን ነው፤ ሆዱን ያሳደግከው አንተ ነህ» አለችው። እየሳቀ ሄደ።

ይህን ያወራሁሽ ያለ ነገር አይደለም። እዚያው መደርደሪያ ላይ ያንቺን መጽሐፍ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ የደረሰን ለሦስት ተማሪ አንድ ነው። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ቅዳሜና እሁድን ይዛው ትሄዳለች። ሦስተኛው ልጅ ደግሞ ይዞት ይሄድና ሳይዘው ይመጣል። እኔ «ተራዬ ነው» ማለት አቃተኝ። አንድ ቅዳሜ መደርደሪያውን ሳጸዳ ከአንድ የሙሽራ ቀሚስና ከሁለት ብርድ ልብስ ሥር እጄ ጠንካራ ነገር ነካ። በነጭ የትራስ ልብስ ተጠቅልሏል። ላዩ ላይ እንደ ማንኛውም ልብስ ግማሽ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተሰክቶበታል፤ ቁጥር 118። ስፈታው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ ነው። ሽፋኑን ስገልጥ ጽሑፍሽን ለየሁት፤ ፊደሎችሽ አሁንም ወደ ቀኝ ይሮጣሉ፣ የሚያሳድዳቸው ያለ ይመስል። እማዬን ሳላስፈቅድ፣ አንቺንም ሳልጠይቅ ወሰድኩት። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ ሌላም አለ፣ እደርስበታለሁ።

የመጽሐፉ ቋንቋ ደረቅ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፣ በአራተኛው እንቅልፍ ይወስደኛል። ኅዳጉ ላይ ያለው ያንቺ እርሳስ ግን ሌላ ነገር ነው። ምዕራፍ አንድ «የታለፈ ዕድል ዋጋ» ስለሚሉት ነው፤ ከሁለት ነገር አንዱን ስትመርጪ፣ የተውሽው ነገር የመረጥሽው ዋጋ ነው ይላል። አንቺ ከጎኑ «እኔ ሁለቱንም እመርጣለሁ! መምህሩ ግን አይሆንም አሉ» ብለሽ ጽፈሻል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ደግሞ «ፍላጎት ማለት መመኘት ብቻ አይደለም፣ መክፈልም መቻል ነው። ታናሽ እህቴ ቀዩን ጫማ ትመኛለች፤ ይህ ፍላጎት አይባልም፣ ልቅሶ ይባላል» ብለሻል። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ጫማው ትዝ አለኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እዚያ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሆነሽ ሳታውቂው።

መምህራችን ያው ያንቺው አስተማሪ ናቸው። «ሌሎች ነገሮች ባሉበት ሲቆዩ» ሳይሉ አንድ ነገር አይጨርሱም። በናንተ ጊዜ ምን ትሏቸው እንደነበር አላውቅም፤ እኛ «ባሉበት» ነው የምንላቸው። አንድ ቀን አርፍደው ሲገቡ ከኋላ አንዱ «ባሉበት ከሌሉበት መጡ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ማዶ ያለው ባለ ሱቅም አላስቀምጥ ብሎኛል። መጽሐፉን ብብቴ ሥር ባየ ቁጥር «ኢኮኖሚስቷ! ነገ ሽንኩርት ስንት ይገባል?» ይላል። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ «ሌሎች ነገሮች ባሉበት ከቆዩ...» ብዬ ስጀምር፣ «እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ መቼ ይቆያሉ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላኛው መንገድ ነው የማልፈው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ገጽ አርባ አንድን ታስታውሺዋለሽ? ካውያ አቃጥሎታል። ልክ የካውያ ቅርጽ ያለው ቡናማ ጠባሳ፣ ጫፉ ሹል፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ። መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ እያጠናሽ ነው አይደል ያቃጠልሽው? የፍላጎት መስመር ሥዕል የነበረው እዚያ ገጽ ላይ ነው። አንቺ ኅዳጉ ላይ መልሰሽ ስለሽዋል፣ ከጎኑም «ዕቃ ወደ ላይ፣ ዋጋ ወደ ጎን፣ እንደ እማዬ ሰሌዳ» ብለሻል። እኔም አመንኩ። ለምን አላምንም? በራችን ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ጀምሮ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ዋጋውን ወደ ጎን ነው የሚያሳየው። መስመሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽዬ ሸሚዝ ስለሻል። እሱም የትምህርቱ አካል መሰለኝ።

ፈተና ላይ «የፍላጎትን መስመር በሥዕል አሳዩ» የሚል መጣ። ደስ እያለኝ ሳልኩ። ዋጋውን አስተኛሁት፣ ዕቃውን አቆምኩት፣ ጫፉ ላይ ሸሚዙን ከነኮሌታው አደረግሁ። ቁልፎቹን እንኳ አልረሳሁም፤ አራት ናቸው።

መምህሩ ወረቀት ሲመልሱ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሳይሰጡኝ አለፉ። «ስንወጣ ቆዪኝ» አሉ። የኮረጅኩ መስሏቸዋል ብዬ አሰብኩ፤ በአንድ በኩልም ኮርጄ ነበር። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ይህ መስመር ተገልብጦም፣ ተጣሞም፣ ተሰብሮም አይቻለሁ። ሸሚዝ ለብሶ ያየሁት ግን ሁለቴ ብቻ ነው።»

«ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ ምንሽ ናት?» አሉኝ። «እህቴ» አልኩ። «የት ገባች?» ሲሉኝ አንቺ ሁልጊዜ የምትይውን ነገርኳቸው፤ ወድቃ ነው ያቆመችው፣ ትምህርት አልሆናትም አልኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ ይህ ነው። ለሳቸው ብቻ አይደለም ያልኩት። አብራኝ ለምትቀመጠው ልጅም ብያለሁ። ሰው ስላንቺ ሲጠይቀኝ «ወድቃ ነው» ማለት ይቀለኝ ነበር። እንዲያውም አንዳንዴ፣ እኔ ጎበዝ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነበር የምለው። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማነው ወደቀች ያለሽ?» አሉ። «ራሷ» አልኩ። ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። እሳቸውም እንደ እማዬ ናቸው መሰለኝ፣ ባለቤቱ ያልወሰደውን ወረቀት አይጥሉም። ከአንድ ያረጀ ካርቶን ውስጥ ያንቺን ፈተና አውጥተው ሰጡኝ። ሸሚዝሽ አለ፤ ካንቺው ሥዕል ጎን በቀይ «ዋጋ ወደ ላይ! ሸሚዙ ግን ቆንጆ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ቀይ ምልክት ገጹን እያገላበጥኩ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ላይኛው ጥግ ላይ የተከበበውን ቁጥር እዚህ አልጽፍልሽም፤ ጥቅሉ ውስጥ አለ። መምህሩ «ይህን የመለስኩት ማክሰኞ ቀን ነው። ሰኞ አልመጣችም፣ ማክሰኞም አልመጣችም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣችም» አሉኝ። ለኔ ደግሞ ለመስመሩ ዜሮ፣ ለሸሚዙ ግማሽ ነጥብ ሰጥተውኛል። ሥዕሉንም ጠመኔ አንሥተው ለኔ ብቻ እንደገና አስተማሩኝ።

ቤት ስመጣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገለጥኩት። እርሳስሽ ምዕራፍ ሰባት ላይ ይቆማል። ገጽ ዘጠና ስድስት ግርጌ ላይ ቀኑን ጽፈሽ፣ «እሁድ ጠዋት። እስከዚህ ጨርሻለሁ። ነገ ከገጽ ዘጠና ሰባት» ብለሻል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ደብተሬን ከሣጥን አውጥቼ አመሳከርኩ። የኔም ደብተር መሐሉ ላይ ሁለት ሳምንት ጎድሎ እንደገና የሚጀምረው በዚያው ማግስት፣ ሰኞ ነው።

እማዬን እንፋሎት ክንዷን የላጣት ጊዜ ነበር። ሐኪሙ አራት ወር ካውያ እንዳትነካ ሲላት አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን። አንቺ የመጨረሻ ዓመትሽ ስለነበር እኔ ቀረሁ። ትክክል ነበር፣ ማንም አልበደለኝም። ቁመቴ ስላልደረሰ የሳሙና ሣጥን ላይ ቆሜ ነበር የምተኩሰው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመስኮት እንዳያዩኝ ከተሰቀሉት ኮቶች ኋላ እገባ ነበር። ፊቴ ሲርስ «እንፋሎቱ ነው» እልሽ ነበር። ያመንሽኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በዚያ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ካውያውን ከእጄ ወሰድሽና «ፈተናው ተመለሰ፣ ወደቅኩ። ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው። ሁለታችንም እዚህ ከምንደነቁር ነገ አንቺ ሂጂ» አልሽኝ። ሰኞ ዩኒፎርሜን ለበስኩ። የተኮስሽው አንቺ ነበርሽ፤ የኮሌታው ጫፍ እንደ አዲስ ወረቀት ቆሞ ነበር። ሮጥኩ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁሽም። በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር እታለሜ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ያልገባኝ ነገር ብቻ አለ። ወረቀቱ የተመለሰው ማክሰኞ ከሆነ እሁድ መውደቅሽን እንዴት አወቅሽ? መልስ አልፈልግም። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።

እማዬንም ጠይቄያታለሁ። ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። አንዱን እጅጌ ተኮሰችው፣ ገልብጣ እንደገና ተኮሰችው፣ ከዚያ የተተኮሰውን ውሃ ረጭታ እንደገና ተኮሰችው። «እሷን ጠይቂያት» አለችኝ። መጽሐፉን መውሰዴንም ልናዘዝ ብዬ ስጀምር፣ «ከመደርደሪያው ሲወርድ ያላየሁ መሰለሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራውን በየሳምንቱ የምጠርግለት እኔ አይደለሁ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አላወራንም። ትላንት ግን የጥቅሉን ገመድ ያሰረችው እሷ ናት። ቋጠሮውን ስታዪ ታውቂዋለሽ።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለኝ። ደብዳቤ ላይ እንኳ እፈራለሁ።

መምህሩ ከመሄዴ በፊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የግል ተፈታኞች ምዝገባ እስከ ወሩ ሃያ አምስት ክፍት መሆኑን ነገሩኝ። ሌላ አላሉም። ቅጹን ለማምጣት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የመጀመሪያ ቀን ከቢሮው በር ተመለስኩ። ሁለተኛ ቀን ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ድምፄ ጠፋ፤ በመስኮቷ በኩል ያለችው ጸሐፊ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው?» አለችኝ፣ ሰልፉ ሳቀ፣ ወጣሁ። ሦስተኛ ቀን «ለእህቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጸሐፊዋ ደንግጣ «እሺ፣ ለእህትሽ ነው፣ አትቆጪ» ብላ ሰጠችኝ። ቅጹን ሞልቼዋለሁ። የቀረው ሁለት ፎቶግራፍና ያንቺ ፊርማ ነው።

«ረስቼዋለሁ» ልትይ ነው፤ ለዚህ ነው መጽሐፉን የላክሁት። «አርጅቻለሁ» ልትይ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት እርጅና ከሆነ ባለ ሱቁ ምን ሊባል ነው? «ሥራዬስ» ልትይ ነው። ፈተናው ሦስት ቀን ነው፣ የዓመት ፈቃድሽን ደግሞ ሳትነኪው እንዳከማቸሽው ራስሽ ነግረሽናል። ሥራሽን ትተሽ ነይ አላልኩም። ምዕራፍ አንድ ላይ ራስሽ ጽፈሻል፣ ሁለቱንም ነው የምትመርጪው። ደግሞ በዚያው ቀን እኔም እፈተናለሁ። ጠዋት አብረን ከቤት እንወጣለን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ዞር ብዬ ማየት አያስፈልገኝም፣ አጠገቤ ነሽ።

ከገጽ ዘጠና ስምንት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ኅዳጉ ላይ ያለው እርሳስ የኔ ነው። ያንቺን ያህል አያስቅም፣ ግን የፈተናው ሥዕሎች ሁሉ ተስተካክለዋል፤ መምህሩ አይተውልኛል። ምዕራፍ ዘጠኝ ስለ ሥራ ክፍፍል ነው፣ አንድ ሰው አንዷን ነገር ብቻ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚፈጥን። አንቺን ምሳሌ አድርጌሻለሁ፣ ይቅር በይኝ፦ «እህቴ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ነው የምትሰፋው። ሙሉውን ሸሚዝ አይታው አታውቅም። እኔ ደግሞ እዚህ ሸሚዝ ስተኩስ ኮሌታውን አስቀድሜ አየዋለሁ፣ የሷ ይሆናል ብዬ።» ይህ ፈተና ላይ አይመጣም፣ እለፊው።

ገጽ ዘጠና ሰባትን ግን ባዶውን ትቼዋለሁ። እሱ ያንቺ ነው። ቅጹንም እዚያው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

በይ አሁን ጥቅሉን ፍቺው። የተሰካውን ቁጥር አልነቀልኩትም። ሌላኛውን ግማሽ ያን ጊዜውኑ ጥለሽው ይሆናል፣ ግድ የለም። ወረቀቱ ቢጠፋ ባለቤቱን አውቀዋለሁ።

መርፌው ጣትሽን ይማርልሽ፣ መንገድሽ ሁሉ የተተኮሰ ይሁንልሽ፣ የጀመርሽው ሁሉ መጨረሻው ይመርልሽ። እማዬ «ግንባሯን ሳሚልኝ» ብላለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ስለማላውቅ አንቺው ስትመጪ ከሷው ትቀበያለሽ።

ያን ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰችው
ታናሽ እህትሽ